የዓሣ ገንዳን በበረኪና ማጠብ ዓሣውን መግደል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በቅርቡ በወጣው ዕትማችሁ፣ ስለ ቤት አያያዝ ምክር በምትሰጡበት ገጽ ላይ፣ በቤት ውስጥ ዓሣ ለሚያኖሩ ሰዎች የቀረበውን አጭር ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የገንዳው ውኃ ሲደፈርስ በሙሉ ተደፍቶ በአዲስ የቧንቧ ውኃ እንዲተካ፣ ጠጠሩና የማጣሪያው ስፖንጅም በሳሙና ወይም በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ታጥበው እንዲመለሱ ይመክራል። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ሳህኑንም ወለሉንም የምናጸዳው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ምክሩ ለብዙ ሰው ትክክል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ምክሩን እንዳለ የፈጸመ ሰው ዓሦቹን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያጣ ስለሚችል እርማት እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ በቤቴም ሆነ በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ውስጥ ዓሣ በመስታወት ገንዳ ስለምናኖር ጉዳዩ ከሙያዬም ከዕለት ኑሮዬም ጋር የተያያዘ ነው።

የስሕተቱ ሥር የውኃን ጥራት በዓይን መለየት ይቻላል ብሎ ማሰብ ነው። ጥርት ያለ ውኃ ዓሣ ሊገድል ይችላል፤ ትንሽ ደብዘዝ ባለ ውኃ ውስጥ ደግሞ ዓሣ ተመችቶት ሊኖር ይችላል። ዓሣ የሰውነቱን ቆሻሻ በዋናነት የሚያስወግደው አሞኒያ አድርጎ በመተንፈሻ ስንጥቡ በኩል ነው፤ ያልተበላ ምግብ፣ የዓሣው ኩስና የሞተ ቅጠልም ሲበሰብሱ በዚያው አሞኒያ ላይ ይጨምራሉ። በፕሮቲን የበለጸገ የዓሣ መኖ ከክብደቱ 3 በመቶ ያህሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ ውኃው እንደሚመለስ ይገመታል። ስለዚህ 100 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ በቀን 1 ግራም መኖ የሚበትን ሰው በየቀኑ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 0.3 ሚሊግራም ያህል አሞኒያ ይጨምራል ማለት ነው። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ በዚህ መጠን ሽታውም ለአፍንጫ አይደርስም። የዓሣው ስንጥብ ግን ይቆጣል፣ ይቀላል፤ ዓሣውም ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ እየዘጋ አየር መሻት ይጀምራል። ባለቤቱ ይህንን ሲያይ ብዙ ጊዜ የራበው ይመስለውና የዳቦ ፍርፋሪ ይጨምርለታል። ከዚህ የባሰ እርዳታ የለም።

ይህንን መርዝ የሚያስወግዱልን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትራይት እርሱም መርዝ ሲሆን ናይትሬት ግን እጅግ ካልተጠራቀመ በስተቀር ዓሣውን አይጎዳም። እነዚህን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ከአፈር ለይቶ ያወጣቸው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት ነው። የጎጃም ገበሬ በጤፍና በበቆሎ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ሰብሉ ወደሚወስደው ናይትሬት የሚለወጠውም በእነዚሁ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። በገንዳ ውስጥ አብዛኞቹ የሚኖሩት በውኃው ላይ ተንሳፈው ሳይሆን በጠጠሩ፣ በመስታወቱና ከሁሉም በላይ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። ስፖንጁን አውጥተን ስንጨምቀው በጣታችን መሐል የሚያሙለጨልጨው፣ ቡናማ ቀለም ያለውና ከእርጥብ አፈር የተለየ ሽታ የሌለው ነገር ቆሻሻ ብቻ መስሎ ይታየናል እንጂ ገንዳውን በሕይወት የሚያቆየው ሠራዊት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ተራ ባክቴሪያ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ሲችል እነዚህ ግን ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ ገንዳ አቅሙን እስኪያገኝ ድረስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስፖንጁን በሳሙናና በበረኪና ያጠበ ሰው ምን እንዳደረገ ግልጽ ነው። ቡሃቃዋን ሙልጭ አድርጋ አጥባ እርሾ ያላስቀረች ሴት ለሚቀጥለው ሊጥ ከጎረቤት መበደር ወይም እንደ አዲስ መጀመር ግድ እንደሚላት ሁሉ፣ ገንዳውም ከዜሮ ይጀምራል፤ ልዩነቱ በዚያ ሁሉ ሳምንት ውስጥ ዓሦቹ መርዙን እየተነፈሱ መቆየታቸው ነው። ስፖንጅ መታጠብ ያለበት የውኃው ፍሰት ሲቀንስ ብቻ ነው፤ የሚታጠበውም ከገንዳው በተቀዳ አሮጌ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ በማድረግ ነው። ሳሙና ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃም ቢሆን ባክቴሪያዎቹን ይጎዳል። አዲስ ገንዳ የሚያቋቁም ሰው ደግሞ ዓሦቹ ጤነኛ ከሆኑለት ወዳጁ ግማሽ ስፖንጅ ለምኖ ቢያስገባ የመጠበቂያውን ጊዜ በብዙ ያሳጥረዋል።

ውኃውን በአንድ ጊዜ መለወጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ሰፋ አድርጌ መግለጽ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነውና። የአንድ ባልደረባዬ ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ የተነነውን ውኃ ከመተካት በስተቀር ምንም ሳይለውጡ ዓሦቻቸውን አቆይተው ነበር። ዓሦቹ ፈዘዝ ያሉ ቢሆኑም በሕይወት ነበሩ። ለፋሲካ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግማሹ ውኃ ተደፋና ከቧንቧ ተሞላ፤ ማታ ላይ ዓሦቹ በጎናቸው እየተንጋደዱ ወደ ላይ ወጡ። ተጠርቼ ስሄድ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ይዤ ነበር፤ ፒኤች የውኃን አሲዳማነት የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን ከ7 ባነሰ ቁጥር ውኃው አሲዳማ፣ ከ7 በበለጠ ቁጥር ቤዛዊ ነው። ከመደፋቱ በፊት በማሰሮ ተቀድቶ ለአትክልት የተቀመጠው አሮጌ ውኃ ወረቀቱን ወደ ብርቱካንማ ቢጫ፣ ማለትም ወደ አሲዳማው ወገን ለወጠው፤ የቧንቧው ውኃ ግን ወደ ሰማያዊ ወደሚያደላ አረንጓዴ፣ ማለትም ወደ ቤዛዊው ወገን ወሰደው። ቤተሰቡ አዲሱ ውኃ የተመረዘ መስሏቸው ነበር። ውኃው ለመጠጥ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ መርዙ ቀድሞም በገንዳው ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን በለወጡ ቁጥር በውኃው ውስጥ ያለውን፣ አሲድን የሚያበርደውን ካርቦኔት ይጨርሳሉ። ውኃው በየጊዜው ካልታደሰ ቀስ በቀስ አሲዳማ ይሆናል፤ አሲዳማ ሲሆን ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን ያቆማሉ፤ አሞኒያውም መጠራቀም ይጀምራል። ሆኖም በአሲዳማ ውኃ ውስጥ አሞኒያ አሞኒየም ወደሚባለው ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ መልኩ ስለሚዞር ዓሣው ይታገሠዋል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶ ያህል፣ 8.5 ላይ ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ፒኤች 6 ላይ የነበረ ገንዳ በአንድ ጊዜ ወደ 8 ቢወጣ የመርዙ መጠን በመቶ እጥፍ ገደማ ያድጋል ማለት ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የተረሳ ገንዳ ያለው ሰው አንድ አሥረኛውን ብቻ ቀንሶ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እየለወጠ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ደኅናው ሊያደርሰው ይገባል። በዓል ደረሰ ተብሎ የሚደረግ የአንድ ቀን ጽዳት እንዲህ ያለውን ገንዳ አያድነውም።

የቧንቧ ውኃ ሌላው ጣጣ ክሎሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው የሚቀርብ ውኃ እስከ መጨረሻው ቧንቧ ድረስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል፤ ይህም ከተቅማጥና ከኮሌራ የሚጠብቀን ስለሆነ ልናመሰግንበት የሚገባ ነገር ነው። ዓሣ ግን ከ0.1 ሚሊግራም በታች በሆነ መጠን እንኳ ይጎዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውኃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ወይም በርሜል ቀድቶ ክዳኑን ከፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ማሳደር፤ በመሐሉ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያማስሉት ደግሞ ቶሎ ይወጣለታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማጠራቀም የተለመደ ስለሆነ ይህ ለእኛ አዲስ ድካም አይደለም። በ«ውሃ አጋር» የታከመ የመጠጥ ውኃ ግን ያው ክሎሪን የተጨመረበት ስለሆነ ወደ ገንዳው መግባት የለበትም። ለመቸኮል የተገደደ ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪንን ወዲያው እንደሚያጠፋ ይወቅ፤ ለ1 ሚሊግራም ክሎሪን 7 ሚሊግራም ያህል ይበቃል፤ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን ላለበት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ከ0.1 ግራም ያነሰ ማለት ነው። ይህ ኬሚካል በብዙ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ይገኛል።

በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎችን እንዳሉ መገልበጥም በእኛ አካባቢ አያስኬድም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውኃ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል በእኛ ከተማ 6 ሚሊግራም ገደማ ላይ ይቆማል። በዚህ ሒሳብ ለአንድ ገንዳ የሚመከረውን የዓሣ ብዛት ቢያንስ በሩብ መቀነስ፣ የአየር ፓምፑንም ሌሊቱን ጭምር ማሠራት ተገቢ ነው፤ ዓሦች አየር የሚያጥራቸው አብዛኛውን ጊዜ ንጋት ላይ ነውና። ቅዝቃዜውም የራሱ ጉዳይ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሌሊቶች ማሞቂያ የሌለው ትንሽ ገንዳ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ባክቴሪያዎቹም በቅዝቃዜ ሥራቸው ይዘገያል። እንደ ጉፒ ያሉ የሞቃት አገር ዓሦች 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ፤ ጎልድ ፊሽ ግን ከዚያ በቀዘቀዘ ውኃ ስለሚስማማው ለደጋ ከተማ የተሻለ ነው እላለሁ። ይሁንና ጎልድ ፊሽ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚያቆሽሽ ስለሆነ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ማኖር ዓሣውን ማሠቃየት ነው። ገንዳው ባነሰ ቁጥር ውኃው ቶሎ ይመረዛል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል።

መብራት ሲጠፋም ማጣሪያው ይቆማል። ስፖንጁ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሚፈልጉ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ከቆዩ ይሞታሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ያንን የበሰበሰ ውኃ ወደ ገንዳው የሚለቀው ራሱ ማጣሪያው ይሆናል። ጠፍቶ የሚቆይ ከመሰለ ስፖንጁን አውጥቶ በገንዳው ውስጥ ማንሳፈፍ፣ ለዚያን ቀን ምግብ መከልከል፣ በየተወሰነ ጊዜም ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር ብዙ ዓሣ ያተርፋል። ይህንን ልጆችም በደስታ ይሠሩታል።

ስለ ድፍርስነት ደግሞ፣ ጽሑፋችሁ ሁሉንም አንድ አድርጎ ማየቱ ትክክል አይደለም። በአዲስ ገንዳ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ወተት መሰል ነጭነት የተራ ባክቴሪያዎች መፍላት ነው፤ ምግብ ቀንሶ ቢተዉት ራሱ ይጠራል፤ ውኃ በሙሉ ቢቀየርለት ግን እንደገና ይነሣል። አረንጓዴው ዋቅላሚ ወይም አልጌ ሲሆን የሚመጣውም ከፀሐይ ብርሃንና ከናይትሬት ብዛት ነው፤ ገንዳውን ከመስኮት ማራቅና ምግብ መቀነስ ይበቃዋል። በክረምት ከቧንቧው ራሱ ደፍርሶ የመጣ ውኃ ሲሆን በባልዲ ማዝቀጥና ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ መቅዳት ነው።

መደበኛው አያያዝ ብዙ ድካም የለውም። ለ100 ሊትር ገንዳ በሳምንት አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ያደረ ውኃ ይበቃል። አሮጌውን በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ መሐል ዝቃጩን እየሳቡ ወደ ባልዲ ማውረድ፣ አዲሱንም ሙቀቱን ከገንዳው ጋር ካቀራረቡ በኋላ ቀስ ብሎ መጨመር ነው። ዓሣው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ከሚበላው በላይ ምግብ አይሰጠው። ዳቦና እንጀራ ደግሞ ጭራሽ አይግባ። ችግር ላይ ላለ ገንዳ ግን በመጀመሪያ ምግብ ማቆም ነው፤ ጤነኛ የነበረ ትልቅ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። ውኃው ለረጅም ጊዜ የተረሳ ካልሆነ በዚያው ዕለት ሩቡን መለወጥ፣ በማግሥቱም መድገም ይገባል። ስንጥቡ ወደ ቡናማ ቀለም ያደላ ዓሣ በናይትራይት ተመርዟል ተብሎ ሊጠረጠር ይገባል፤ ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋልና። ለዚህ በ10 ሊትር ውኃ 10 ግራም ያህል የገበታ ጨው በሌላ ዕቃ አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመር ይረዳል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ክሎራይድና ክሎሪን ግን የተለያዩ መሆናቸውን ለአንባቢ ማስታወስ አስፈላጊ ነው፤ ጨው ይረዳል ስላልኩ በረኪና የሚጨምር ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ።

ገንዳና ዓሣ ለሚሸጡ ነጋዴዎችም አንድ ቃል አለኝ። ደንበኛው ገንዳውን፣ ጠጠሩንና ዓሦቹን በአንድ ቀን ጭኖ እንዲሄድ ማድረግ ለጊዜው ገበያ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ዓሦቹ በሦስተኛው ሳምንት ሲያልቁ ያ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም። ገንዳውን መጀመሪያ ሸጦ፣ ውኃው በማጣሪያ እየዞረ በየቀኑ ቁንጥር መኖ እየተጣለበት እንዲቆይ መክሮ፣ ዓሦቹን ከወር በኋላ ጥቂት ጥቂቱን መሸጥ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ወረቀትም ከጌጣጌጡ ድንጋይና ከፕላስቲክ አበባው ጎን ቢቀመጥ ሰው ይገዛዋል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ የፒኤች ወረቀት አያጡምና፣ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜን ከተማሪ ቤት ገንዳ ጋር ማያያዝ እንችላለን፤ ተማሪዎቼ ስለ አሲድና ቤዝ ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ ከገንዳው ፊት ቆመው የሚጠይቁት ጥያቄ ይበልጣል።

ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ናይትሬት ስላለበት ለጓሮ ጎመን፣ ለጌሾና ለጤና አዳም እጅግ ይስማማል፤ ጨው ከተጨመረበት ግን አትክልት ላይ መድፋት አይገባም። ዓሣውንም ሆነ የውኃ ተክሉን ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወይም ወደ ሌላ ጅረት መጣል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጨሞጋ ወደ ዓባይ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በብዙ የዓለም ክፍል የተሰራጨውም አበባው ስለሚያምር ለጌጥ እየተወሰደ ነው። ውኃ ያጠራል በሚል እምቦጭን ከጣና ዳርቻ አምጥተው በቤታቸው ገንዳ የሚያስቀምጡ ሰዎች ካሉ እንዲተዉት እለምናለሁ። ተክሉ ናይትሬት መምጠጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከቤት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በባሕር ዳር የሚኖሩ ወገኖቼ የታከታቸውን ጎልድ ፊሽ ወደ ሐይቁ ከመልቀቅ ይልቅ ገንዳ ላለው ሰው ቢሰጡት መልካም ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ስለ ሳሙናውና ስለ በረኪናው የተጻፈው ምክር በሚቀጥለው ዕትም በግልጽ እንዲታረም፣ እርማቱም ምክሩ በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ቦታ ካጠረ የቀረውን ትታችሁ፣ ስፖንጁ በገንዳው ውኃ ብቻ እንዲታጠብ፣ ውኃውም ካደረ በኋላ በሩብ በሩብ እንዲለወጥ፣ ለረጅም ጊዜ የተረሳ ገንዳ ደግሞ ከዚያም ባነሰ መጠን እንዲታደስ የሚሉትን ብታወጡልኝ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር
የኬሚስትሪ መምህር
ከደብረ ማርቆስ